ደሞዝ ጨመረ፣ ኑሮ ግን አልሞላ አለ፦ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከጎንደር ከተማ የተላኩ ናቸው። የጸሐፊዎቹ ዕድሜና ሙያ ቢለያይም ጭንቀታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁሉም ይሠራሉ ወይም ለመሥራት ይጥራሉ፣ የሚያገኙት ገንዘብ ግን ወር አያደርሳቸውም። ስማቸው እንዳይወጣ የጠየቁ ስላሉ የሁሉንም ትተናል፤ ደብዳቤዎቹም አጥረው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ በማራኪ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ ግን ሥራ ፈትቶ ቤት ይውላል። ደሞዛችን ተስተካክሏል ተብሎ ብዙ ተወራ፤ እጄ የገባው ግን ከተወራው በጣም ያነሰ ነው። አከራያችን ደግሞ ወሬውን እንደሰሙ በኪራዩ ላይ 1,500 ብር ጨመሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግማሽ ደሞዝ የተሻለ እንኖር ነበር። ጉድለቱ የእኔ የገንዘብ አያያዝ ነውን?

መልስ፦ አይደለም፤ የአያያዝ ጉድለት ቢኖር እንኳ ዋናው ምክንያት እርሱ ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያ ደሞዙን ራሱን በቁጥር እንየው። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ እንዲሠራበት በተወሰነው የመንግሥት ሠራተኞች የደሞዝ ማስተካከያ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አድጓል። በቀድሞው ሠንጠረዥ ከ6,940 ብር ላይ 1,170 ብር ግብርና 485 ብር ከ80 ሳንቲም የጡረታ መዋጮ ሲነሳ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው 5,284 ብር ከ20 ሳንቲም ነበር። በአዲሱ ሠንጠረዥ ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ሲነሳ 8,595 ብር ይቀራል። እንግዲህ በወረቀት የተጨመረው 4,560 ብር ሲሆን እጅ የገባው 3,310 ብር ከ80 ሳንቲም ነው ማለት ነው። በእርስዎ ቤት ደግሞ ከዚህ ላይ 1,500 ብሩን አከራዩ ወስደዋል። ገና ዘይት ሳይገዛ፣ ወፍጮ ቤት ሳይኬድ ከጭማሪው ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው አልቋል።

የቀረውን የሚበላው የዋጋው ነገር ነው። በግንቦት 2014 አገራዊው የዋጋ ንረት 37.2 በመቶ፣ የምግቡ ብቻ 43.9 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የንረቱ ፍጥነት ቢቀንስም አንድ ጊዜ የተሰቀለው ዋጋ ወደ ነበረበት አልተመለሰም፤ በየዓመቱ በላዩ ላይ ይጨመርበታል እንጂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረ ሲሆን በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር ይዘን ገበያ ስለማንወጣ ጉዳዩ አይመለከተንም የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ይሁንና የምግብ ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የባጃጁ ጎማና መለዋወጫ፣ ማዳበሪያውም ጭምር በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው። የማዳበሪያው ዋጋ ደግሞ ከወራት በኋላ በጤፉ ዋጋ ላይ ይታያል።

ነዳጅን በተመለከተ መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በመስከረም 2017 መጨረሻ 91 ብር አለፈ። ጎንደር ሲደርስ የማጓጓዣው ክፍያ ስለሚታከልበት ሕጋዊው ዋጋ እንኳ ከዚያ ይበልጣል፤ ከማደያ ታጥቶ በጀሪካን የሚሸጠውንማ ባለቤትዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ታሪፉ እንደ ነዳጁ ቶሎ ስለማይከለስ ልዩነቱን የሚሸከመው አሽከርካሪው ነው፤ ባጃጁ የሌላ ሰው ከሆነና የቀን ገቢ ለባለንብረቱ የሚከፈል ከሆነ ሥራ የሌለበት ቀን ኪሳራ ይሆናል።

በዚህ ሁኔታ ለሚኖር ቤተሰብ የምመክረው ሁለቱን ገቢዎች ለየብቻ ማሰብ ነው። የእርስዎ ደሞዝ መጠኑም ቀኑም የታወቀ ስለሆነ ኪራይን፣ የልጆችን ትምህርትና የወሩን እህል ይሸፍን፤ የባጃጁን ገቢ ግን በወሩ መጀመሪያ እንዳለ ቆጥሮ መመደብ አደገኛ ስለሆነ ለዕለት ወጪና ለተጠባባቂ ብቻ ይያዝ። እህልን በተመለከተ ጤፍ ከሐምሌ እስከ መስከረም ውድ፣ መኸሩ ተሰብስቦ ገበያ በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሻል ያለ መሆኑ የታወቀ ነው። ችግሩ በጥር ኩንታል የሚገዛበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ ከባልደረቦችዎ ጋር የምትጥሉት ዕቁብ ካለ ዕጣውን በስምምነት በእነዚህ ሁለት ወራት መውሰድ፣ ወይም በመምህራን የሸማቾች ማኅበር በኩል በጋራ መግዛት ትርጉም ያለው ልዩነት ያመጣል። ጤፍን ከማሽላና ከዳጉሳ ጋር መቀላቀልም ለጎንደር ቤት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማ ገብተን ነው ያፈርንበት።

ኪራዩን በተመለከተ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅና ኪራይ የሚጨምረው አስተዳደሩ በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። አፈጻጸሙ በክልሎች ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በከተማው አስተዳደር የቤት ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል ይጠይቁ። በቃል የተደረገ ውል ካለዎት ግን ከአከራዩ ጋር ከመጋጨትዎ በፊት ወደ ጽሑፍ እንዲለወጥ ያድርጉ። የእርስዎ አከራይም የሚኖሩት በዚያ ኪራይ ከሆነ የዘይቱ ዋጋ እርሳቸውንም እንደሚያሳድዳቸው መርሳት አይገባም፤ ብዙ ጎንደሬ አከራይ ባለ ሁለት ክፍል ጡረተኛ ነው።

ጥያቄ፦ በአማራ ክልል ከአራት ሰው አንዱ ድሃ ነው የሚል ነገር አነበብኩ። እኔ የምኖረው አራዳ አካባቢ ነው፤ ጎረቤቶቼን ስቆጥር ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጥብኛል። ይህ አኃዝ ከየት የመጣ ነው?

መልስ፦ አኃዙ የተገኘው በ2008 ከተካሄደው አገር አቀፍ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ነው። በዚያ ጊዜ ከድህነት መስመር በታች የሚኖረው ሕዝብ በአገር ደረጃ 23.5 በመቶ፣ በአማራ ክልል 26.1 በመቶ ነበር። መስመሩ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ መግዣ ተብሎ የተሰላ ነው። በወር ሲካፈል 599 ብር ገደማ ይሆናል፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ዛሬ 599 ብር ይዞ ቅዳሜ ገበያ ቢወርድ ምን ይዞ እንደሚመለስ ራሱ ይገምት።

ቁጥሩን ሲያነቡ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው ጥናቱ የተካሄደው ከኮቪድ፣ ከሰሜኑ ጦርነትና በክልሉ ካለው ግጭት በፊት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መስመሩ ሰውን ለሁለት የሚከፍል መሆኑ ነው፤ ከመስመሩ በ10 ብር ከፍ ያለው ሰው ድሃ ተብሎ አይቆጠርም፣ አንድ ልጅ ታሞበት ሆስፒታል ሲገባ ግን በሳምንት ውስጥ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። በሰፈርዎ የሚያዩዋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህ ከመስመሩ አጠገብ የሚኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ ዓይንዎም አልተሳሳተም፣ ጥናቱም በጊዜው አልዋሸም።

ክልሉ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ድህነት የታየበት ምክንያት በዋናነት ገጠሩ ነው። በዚያው ጥናት በአገር ደረጃ የገጠሩ ድህነት 25.6 በመቶ፣ የከተማው 14.8 በመቶ ነበር፤ የአማራ ክልል ነዋሪ ደግሞ አብዛኛው ገበሬ ነው። በደጋው መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ቁራሽ ሆኗል፤ አፈሩ ታጥቧል፤ እርሻው የሚጠብቀው አንድ የክረምት ዝናብ ብቻ ነው። ምሥራቅ በለሳና እብናት የምግብ ዋስትና ችግር ካለባቸው ወረዳዎች ተርታ ሲጠሩ የኖሩት በዚህ ነው። በ2016 በጃናሞራ፣ በጠለምትና በበየዳ የደረሰው ድርቅም ከሰሜኑ ጦርነት ገና ያላገገመ ሕዝብ ያገኘ ነበር። እነዚህ ስሞች ለጎንደር ከተማ ሩቅ አይደሉም። ዝናቡ በቀረ ቁጥር ከዚያ የሚመጣው እህል ይጠፋል፣ ከዚያ የሚመጣው ሰው ደግሞ ይበዛል፤ የቀን ሥራ የሚፈልገው እጅ ሲበዛ የቀን ሠራተኛው ክፍያ ባለበት ይቆማል። የገጠሩ ድህነት የከተማውን ደሞዝተኛ የሚነካው በእህሉ ዋጋ ሲሆን ቀን ሠራተኛውን ግን በሁለት በኩል ይመታዋል።

ጥያቄ፦ በፋሲል ግቢ አካባቢ ለጎብኚ የእጅ ሥራ ውጤቶች እሸጥ ነበር። ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ ሱቄ ተከፍቶ ተዘግቶ አለ። ጥምቀት ሲመጣ ጥቂት እሸጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሙያዬን ልተው?

መልስ፦ ሙያዎን ይተዉ አልልም፤ ከጎብኚ ብቻ መጠበቁን ግን መተው ያለብዎት ይመስለኛል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ጀምሮ የከተማዋ አንድ ክንድ ጎብኚ ሆኖ ቆይቷል፤ ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብም ብዙዎቻችሁ ተስፋ አድርጋችሁ ነበር። ወዲያው በተከታዩ ዓመት ኮቪድ መጣ፤ ጥቅምት 2013 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሞ ትንሽ ትንፋሽ ሲገኝ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በመካከሉ በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት በመቀስቀሱ የመተማው የድንበር ንግድም ተዳከመ። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በተከታታይ የሚያይ እንግዳ አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ጉዞውን በሙሉ ይሰርዛል።

የጎብኚ መጥፋት በአስጎብኚና በሆቴል ላይ ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የተወሰነ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሆቴሉ የሚገዛው ዶሮና እንቁላል ከሴት ነጋዴዎች ነው፤ አንሶላ የሚታጠበው በአጣቢ ነው፤ ጥበቡን የሚሠራው ሸማኔ፣ ሸክላውን የምትሠራው የወለቃ ሴት ናት። ስለ ጎንደር ከጥር ሌላ ወር ያለ የማይመስላቸው ጋዜጠኞች ይህን ሰንሰለት አይተው ቢጽፉ ደስ ባለኝ።

እንግዲህ የእርስዎ እጅ የሚሠራውን ነገር የአገሬው ሰው የሚገዛው በምን ጊዜ እንደሆነ ያስቡ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና የማኅበር ድግስ ጎብኚ ቢኖርም ባይኖርም ይደረጋሉ፤ ሰፌድ፣ መሶብ፣ ጥልፍና የቡና ዕቃ የሚፈለገውም በእነዚህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ወላጆችም ከየአገሩ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ዋጋው ለፈረንጅ ከሚሸጠው ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ሽያጩ ግን ከአንድ ሳምንት ወደ ዓመት ይዘረጋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 19 ዓመቴ ነው፤ ከ12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም። ጓደኞቼ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ በረሃ እንሂድ ይሉኛል። ልሂድ?

መልስ፦ ቤተሰብህን ለመርዳት ማሰብህ ያስመሰግንሃል። ከሄድክ ግን ሳትጠይቅ አትሂድ። መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆኑን፣ ክፍያው በቀን ይሁን በሄክታር ወይም በነዶ፣ ገንዘቡ የሚሰጠው መቼ እንደሆነ፣ ምግብና መመለሻ በማን እንደሆነ ከመሳፈርህ በፊት በምስክር ፊት ይነገርህ። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ወባ ብቻ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር አለ፤ ከደጋ ለሥራ የሚወርዱ ወጣቶችን አጥብቆ ይይዛል። አጎበር ይዘህ ሂድ፤ በግራር ዛፍ ሥርና በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ላይ አትተኛ። ከተመለስክ በኋላ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብህ፣ ከከሳህና ሆድህ ከተነፋ የወባ መድኃኒት ደጋግመህ እየገዛህ ጊዜ አታጥፋ፤ በቀጥታ በረሃ ከርመህ እንደመጣህ ተናገር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዚህ በሽታ ሕክምና ማዕከል አለ። የአንድ ወቅት ገቢ በሕክምና ወጪ ያለቀበት ወጣት ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን የሚጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዕድሜዬ 67 ነው፤ እናቱ የሞተችበትን የልጅ ልጄን በጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጥኩ አሳድጋለሁ። ሴፍቲኔት ሲጻፍ ስሜ ቀረ። ከእኔ የሚሻሉ ገብተዋል። ለማን ልናገር?

መልስ፦ እማማ፣ የሚናገሩበት ቦታ አለ። ሴፍቲኔት በገጠር የተጀመረው በ1997 ሲሆን የከተማው በመጀመሪያ በ11 ከተሞች ሲሠራ ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች፤ በሁለተኛው ዙር ጎንደርን ጨምሮ ሌሎች ከተሞች ተካተዋል። ፕሮግራሙ ሁለት መልክ አለው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፈ ይከፈለዋል፤ ከክፍያውም 20 በመቶው በስሙ ይቆጠብለታል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመምተኞች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ምናልባት ጉሊት ሲቀመጡ ያየ መራጭ ለሁለቱም ሳይዝዎት ቀርቶ ይሆናል።

ምርጫው የሚጀምረው በሰፈር ኮሚቴ ስለሆነ ቅሬታዎም በቀበሌው ላለው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይቅረብ። ከእኔ የሚሻሉ ገብተዋል ብለው አይጀምሩ፤ ይህ እውነት ቢሆንም ጉዳዩን ወደ ጠብ ይወስደዋል። ዕድሜዎን፣ የሚያሳድጉትን ልጅና የእናቱን ሞት፣ በቤቱ ሌላ ሠራተኛ አለመኖሩን፣ የሚከፍሉትን ኪራይ፣ ሕመም ካለብዎት የሐኪም ወረቀቱን ጨምረው ያስጽፉ፤ ያስገቡበትን ቀን የሚያሳይ ፊርማ በቅጂው ላይ ይቀበሉ። የዕድርዎ ዳኛ ቢመሰክሩልዎ ይረዳል፤ የሰፈሩን ኑሮ ከዕድር በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ሌላ በር አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእናንተው ጎረቤት ፎገራ ነበር። መክፈል የማይችሉ አባወራዎችና እማወራዎች መዋጮአቸው በመንግሥት ተሸፍኖ አባል የሚሆኑበት አሠራር አለው። ሴፍቲኔት ውስጥ ባይገቡም ለዚህ መጠየቅ ይችላሉ፤ የዓመቱ ምዝገባ ሲከፈት ቀበሌ ቀድመው ይቅረቡ።

ጥያቄ፦ አዘዞ ላይ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ዕቃ ሲወደድብኝ ከአንድ ግለሰብ 40,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ ተበደርኩ። ለአሥር ወር ወለዱን ከፈልኩ፤ ዋናው ግን እንዳለ ነው። አሁን ባዶ ቼክ ፈርመህ ስጠኝ ይለኛል።

መልስ፦ ቼኩን አይፈርሙ። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል የሚያስጠይቀው ፈራሚውን ነው፤ ባዶ ቼክ ላይ ደግሞ አበዳሪው የፈለገውን መጠን ይሞላበታል። እስካሁን የከፈሉት 40,000 ብር ነው፤ ማለትም የተበደሩትን ያህል ከፍለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መስማማት አይችሉም፤ በ40,000 ብር ላይ ይህ በዓመት 4,800 ብር ነው። የእርስዎ ስምምነት በዓመት ሲሰላ 120 በመቶ ይሆናል። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉም የሚያስቀጣ ድርጊት ነው።

አበዳሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምረው እንደ ተራ ብድር ያጽፋሉ፣ ወይም ብድሩን የቤት ወይም የዕቃ ሽያጭ ውል ያስመስሉታል። ስለዚህ ውልዎ ላይ የተጻፈው መጠን 40,000 ብር ነው ወይስ ከዚያ በላይ የሚለውን መጀመሪያ ያረጋግጡ። ከዚህ በኋላ የሚከፍሉትን በእጅ ሳይሆን በባንክ ያስተላልፉ፤ እስካሁን በእጅ የከፈሉትንም ቀኑንና የነበረውን ምስክር ጨምረው በወረቀት ያስፍሩ። ሽማግሌ ማስገባት ከፈለጉ ያስገቡ፤ ነገር ግን የሽምግልናው ስምምነት ዋናው ምን ያህል እንደቀረ በቁጥር ይጻፍበት። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለችግረኞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ውሉንና የክፍያ ማስታወሻዎን ይዘው ይሂዱ።